ብሮሊ ሁለት ጊዜ ሲወለድ፦ የድራጎን ቦል ፊልሞች ከደራሲያቸው ሞት በኋላ

ጃፓናዊው የማንጋ (በተከታታይ ሥዕል የሚነገር የጃፓን ታሪክ) ደራሲና ሠዓሊ አኪራ ቶሪያማ እ.ኤ.አ. ማርች 1 ቀን 2024 በ68 ዓመታቸው ሲያርፉ፣ በየአገሩ የተጻፉት የኀዘን ጽሑፎች ያተኮሩት በ1984 በጀመሩት «ድራጎን ቦል» በተሰኘው ማንጋ ላይ ነበር። ሥራው በሹዌይሻ አሳታሚ ድርጅት ሳምንታዊ መጽሔት «ሾነን ጃምፕ» ላይ እስከ 1995 ድረስ በ519 ምዕራፎች ወጥቶ በ42 ጥራዞች የተሰበሰበና ከእርሱ በኋላ ለመጡት የፍልሚያ ማንጋዎች መልክ የሰጠ በመሆኑ ትኩረቱ ተገቢ ነው። ሆኖም ደራሲው በሕይወታቸው የመጨረሻ ዐሥር ዓመታት ታላቁን የትረካ ሥራቸውን ያከናወኑት በመጽሔት ገጽ ላይ ሳይሆን ለሲኒማ በጻፏቸው ድርሰቶች መሆኑ በበቂ ሁኔታ አልተነገረም። በ2018 የወጣው «ድራጎን ቦል ሱፐር፦ ብሮሊ» የዚህ ሥራ ጫፍ ነው። እርሳቸው በሌሉበት የሚሠሩት ፊልሞች ምን ሊመስሉ ይገባል የሚለው ዛሬ የተከፈተው ጥያቄም በዚህ ፊልም በኩል ሲታይ ይበልጥ ጥርት ይላል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው።)

ፊልሞቹ ሲጀመሩ የደራሲው ሥራ አልነበሩም። ቶኤይ አኒሜሽን የተባለው ስቱዲዮ ማንጋውን በፉጂ ቴሌቪዥን በተከታታይ ማቅረብ የጀመረው በ1986 ሲሆን፣ የመጀመሪያው የሲኒማ ፊልም የወጣውም በዚያው ዓመት በዲሴምበር ወር ነው። ከዚያ እስከ 1996 ድረስ 17 ፊልሞች ለሲኒማ ቀረቡ። አብዛኞቹ ከአንድ ሰዓት ያጠሩና ተማሪዎች ለዕረፍት በሚበተኑበት ወቅት ከሌሎች የልጆች ፊልሞች ጋር ተዳብለው የሚታዩ ነበሩ። ማንጋው በየሳምንቱ እየተጻፈ ሳለ የሚሠሩ ስለነበሩ ዋናውን ታሪክ ወደፊት ማስኬድ አይችሉም፤ በማንጋው የሞተውን ሊያስነሡ፣ በሕይወት ያለውንም ሊገድሉ አይፈቀድላቸውም። ስለዚህ አንድ አዲስ ጠላት ከሰማይ ይወርዳል፣ የታሪኩ ዋና ጀግና ጎኩና ጓደኞቹ ክፉኛ ይመታሉ፣ በመጨረሻ ጎኩ ያሸንፋል፣ ዓለሙም ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ወደ ነበረበት ይመለሳል። ቶሪያማ ለብዙዎቹ የገጸ ባሕርያትን ንድፍ ይሥሉ ነበር እንጂ ድርሰቱ የእርሳቸው አልነበረም።

የመጀመሪያው ብሮሊ የተወለደው በዚህ አሠራር ውስጥ ነው። በማርች 1993 በወጣው ፊልም ድርሰቱን የጻፉት ታካኦ ኮያማ ሲሆኑ፣ ብሮሊ ከጎኩ ጋር በአንድ ቀን ገደማ የተወለደ፣ በሕፃንነቱ አጠገቡ የተኛው ጎኩ ሲያለቅስ የሰማው ጩኸት በልቡ ቂም ሆኖ የቀረ፣ ካደገ በኋላም የጎኩን ስም ብቻ እየጠራ የሚገድል ግዙፍ ፍጡር ነው። የጥላቻው ምክንያት ይኸው ነው። በተመልካቹ ዘንድ ግን ከሌሎቹ የፊልም ጠላቶች ሁሉ የበለጠ ተወደደ፤ በ1994 ብቻ ሁለት ተከታይ ፊልሞች ተሠሩለት፤ ከዚያም በቪዲዮ ጨዋታና በአሻንጉሊት ገበያ ለ20 ዓመታት ያህል ኖረ። ልጆች የወደዱት አካሉን፣ ጩኸቱንና ምንም ዓይነት ምት የማይሰማው መሆኑን ነው። ይህን ፍቅር መናቅ አይገባም። በፍልሚያ ታሪክ ውስጥ የማይበገር አካል በራሱ የሚሰጠው ፍርሃትና ደስታ አለ፤ ነገር ግን ከዚያ አልፎ ስለ ብሮሊ የሚነገር ነገር አልነበረም።

ደራሲው ወደ ሲኒማው የተመለሱት በቁጭት ነው። ሆሊውድ በ2009 ማንጋውን በሰው ተዋንያን ሠርቶ ሲያወጣ፣ ቶሪያማ ድርሰቱ የሥራቸውን መንፈስ እንዳልያዘ አስቀድመው ተናግረው ሰሚ አለማግኘታቸውን ኋላ በይፋ ገልጸዋል። በ2013 ለወጣው «ባትል ኦፍ ጎድስ» መጀመሪያ የተጠየቁት አስተያየት እንዲሰጡ ቢሆንም ድርሰቱን በአብዛኛው እንደ አዲስ ጻፉት፤ በ2015 የወጣውን ተከታዩን ደግሞ ራሳቸው ጻፉ። በዚሁ ዓመት «ድራጎን ቦል ሱፐር» በቴሌቪዥን ተጀምሮ እስከ ማርች 2018 ድረስ 131 ክፍሎች ቀረቡ። በእነዚህ ዓመታት የተለወጠው ትልቁ ነገር የፊልሞቹ ሥልጣን ነው። ቀድሞ የጎን ታሪክ የነበረው ፊልም አሁን ዋናው ታሪክ የሚራመድበት መንገድ ሆነ፤ ተመልካቹም ወደ ሲኒማ ቤት ሲገባ የሚያየው ነገር ከእንግዲህ እንደማይሻር እያወቀ ነው።

«ብሮሊ» የተሠራው በዚህ አዲስ ሥልጣን ነው። ቶሪያማ ፊልሙ ከመውጣቱ በፊት ባሰራጩት መልእክት የቀድሞውን ብሮሊ ንድፍ የሠሩት እርሳቸው ቢሆኑም ታሪኩን ፈጽሞ ረስተውት እንደነበር፣ በጃፓንና በውጭ አገር ያለውን ተወዳጅነት ሲሰሙ ግን መልኩን ሳይለውጡ አድሰው በታሪካቸው ውስጥ ለማስገባት እንደወሰኑ ተናግረዋል። ከ25 ዓመታት በፊት ሌላ ሰው የጻፈውን ገጸ ባሕርይ የማንጋው ባለቤት ራሱ ወስዶ እንደገና የፈጠረበት እንዲህ ያለ አጋጣሚ በዘርፉ ብዙ አይታይም።

አዲሱ ታሪክ የሚጀምረው ከአባቶች ነው። ጎኩና ብሮሊ የተገኙበት የተዋጊ ዘር የሆኑት የሳይያኖች ንጉሥ፣ የገዛ ልጁን ቬጂታን የሚበልጥ ኃይል ያለው ሕፃን፣ ብሮሊ፣ መወለዱን ሲያይ በቅናት ተነሣስቶ ሕፃኑን ቫምፓ ወደምትባል፣ ሰው ወደማይኖርባትና አውሬ ወደሚርመሰመስባት ፕላኔት ይልከዋል። የሕፃኑ አባት ፓራገስ ልጁን ሊያድን ተከትሎ ይሄዳል፤ መንኮራኩሩ ግን ይበላሽና ሁለቱ እዚያው ይቀራሉ። እዚህ ላይ ድርሰቱ ብልህ ምርጫ ያደርጋል። ልጁን ለማዳን ሕይወቱን የሰጠው አባት ሲውል ሲያድር በበቀል ተይዞ ያንኑ ልጅ የንጉሡን ዘር የሚያጠፋበት መሣሪያ ያደርገዋል፤ በአንገቱም ላይ በርቀት ታዝዞ ሕመም የሚለቅ ማሰሪያ ያስርለታል። ብሮሊ በልጅነቱ ከአንድ ግዙፍ አውሬ ጋር ወዳጅ ሆኖ ነበር፤ አባቱ ይህ ወዳጅነት ልጁን ያለሰልሰዋል ብሎ በመፍራት የአውሬውን ጆሮ በጥይት ቆርጦ ጣለ፤ ከዚያ ወዲህ አውሬው ጠላት ሆነ። ብሮሊ ያንን የተቆረጠ ጆሮ ቁርበት ዕድሜውን ሁሉ በወገቡ ታጥቆ ይኖራል። በ1993ቱ ፊልም የልብስ ጌጥ ብቻ ሊሆን ይችል የነበረው ነገር እዚህ የአንድ ሰው ሙሉ ታሪክ ሆኗል። ቺላይ የምትባል፣ ፕላኔቶችን ከሚገዛው ከጨካኙ ፍሪዛ ሠራዊት የመጣች ወጣት ይህን ስትሰማ የማሰሪያውን መቆጣጠሪያ ከአባትየው ሰርቃ ከሥቃዩ ታሳርፈዋለች። ተመልካቹም ፍልሚያው ሳይጀመር በፊት ልቡ ከጠላቱ ጋር ይሆናል።

የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ማለት ይቻላል አንድ ረጅም ፍልሚያ ነው፤ ብዙ ሐያስያን ታሪኩ እዚህ ላይ ቆመ ብለው የጻፉትም በዚህ ምክንያት ነው። በዚህ አልስማማም። ብሮሊ ከአባቱ በቀር ተዋግቶት የሚያውቅ ሰው የለም፤ ስለዚህ ከቬጂታ ጋር ሲገጥም መጀመሪያ የሚወረወረው አካሉ ብቻ ነው። ቬጂታ ኃይሉን አንድ ደረጃ ከፍ ባደረገ ቁጥር ብሮሊ የተመታበትን መንገድ ያጠናል፣ ራሱም ያንኑ ይመልሳል፤ ጎኩ ሲተካ ደግሞ ከጎኩ ይማራል። የሚታየው የጡንቻ ትርኢት ብቻ ሳይሆን በሕይወቱ ምንም ያልተማረ ሰው በአንድ ቀን ሁሉን ሲማር ነው። ሜዳው ከበረዶ ወደ ቀለጠ ዓለት የሚለወጠውም የእርሱ ቁጣ ከመታገሥ ወደ መሳት የሚሻገርበትን መንገድ ተከትሎ ነው። ጎኩ በመሐል ቆም ብሎ ብሮሊ ክፉ አለመሆኑን ይናገራል፤ ይህን ያወቀው በእጁ ነው፣ እየተዋጋ። በማርሻል አርት ፊልም ውስጥ ፍልሚያ ንግግር መሆን የሚችለው እንዲህ ሲሆን ነው።

ፍሪዛ የብሮሊን ኃይል ለማስቆጣት አባቱን በስውር ገድሎ ሌላ እንደገደለው አስመስሎ ይነግረዋል፤ ከዚያ በኋላ ብሮሊን ሊያቆም የሚችለው የጎኩና የቬጂታ ውሕደት የሆነው ጎጌታ ብቻ ነው። በቀድሞዎቹ ፊልሞች ልማድ ቢሆን የመጨረሻው ምት ያርፍና ጠላቱ ይጠፋ ነበር። እዚህ ግን ቺላይ ምኞትን በሚፈጽሙት የድራጎን ኳሶች ተጠቅማ ብሮሊን ምቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ቫምፓ ታስመልሰዋለች። ጎኩም ቆይቶ ምግብና የመኖሪያ ዕቃ ይዞ ይጎበኘዋል፤ አብረው ሊለማመዱም ይፈልጋል። ጠላትን በሕይወት ማስቀረትና የወደፊቱን ታሪክ በእርሱ ላይ መመሥረት የሚችለው የታሪኩ ባለቤት ብቻ ነው። ታካኦ ኮያማ በ1993 ይህን ለማድረግ ቢፈልጉ እንኳ ሥልጣኑ አልነበራቸውም።

ይህ ሥልጣን ያስከፈለውም ዋጋ አለ። የፊልሙ መግቢያ፣ የጎኩ ወላጆች ባርዳክና ጊኔ ልጃቸውን ከጥፋት ለማዳን ወደ ምድር የሚልኩበት ክፍል፣ ቶሪያማ በ2014 ካሳተሙት አጭር ማንጋ በቀጥታ የተወሰደ ነው። ባርዳክ ግን ቀድሞ በ1990 በተሠራ የቴሌቪዥን ልዩ ፊልም ጨካኝ ወታደር ሆኖ፣ የሕዝቡን ዕልቂት አስቀድሞ እያየ ማንም ሳያምነው ብቻውን የሞተ መራራ ገጸ ባሕርይ ነበር። በእኔ ግምት ያ የ1990ው ባርዳክ ከአዲሱ ደግ አባት ይልቅ ጠንካራ ነው። የደራሲው እጅ ብሮሊን ሰው ሲያደርገው ባርዳክን አለስልሶታል፤ ዋናው ታሪክ በደረሰበት ሁሉ የጎን ታሪኩ ይሻራልና።

ስለ ሥዕሉ መናገር ያስፈልጋል፤ ምክንያቱም የፊልሙ ግማሽ ጉልበት እዚያ ነው። ቶሪያማ ወደ ፍልሚያ ታሪክ የገቡት በቻይናው ጥንታዊ ልቦለድ «ወደ ምዕራብ የተደረገ ጉዞ» እና በሆንግ ኮንግ ፊልሞች፣ በተለይም ጃኪ ቻን በ1978 በሠራው የሰካራም ቡጢ ፊልም ተስበው ነው። በማንጋው ገጽ ላይ ያላቸው ትልቅ ችሎታ ቁጠባ ነበር፦ ጥቂት መስመር፣ ባዶ ሜዳ፣ ምቱ ከየት ተነሥቶ የት እንዳረፈ በአንድ እይታ የሚነበብ። ጎኩ ሱፐር ሳይያን ወደሚባለው ከፍተኛ የኃይል ደረጃ ሲለወጥ ፀጉሩ የሚነጣው እንኳ ረዳታቸው ጥቁሩን ፀጉር በቀለም ለመሙላት የሚያጠፋውን ጊዜ ለማዳን እንደነበር፣ የዓይኑ ቁጣ ደግሞ ከብሩስ ሊ እንደተወሰደ ራሳቸው ተናግረዋል። የቴሌቪዥኑ ሥዕል ግን በዓመታት ውስጥ ከዚህ ቁጠባ ርቆ በጠንካራ ጥላና በሚያብረቀርቅ ጡንቻ የተሞላ ሆኖ ነበር። ለ«ብሮሊ» የገጸ ባሕርያት ንድፍና የሥዕል ኃላፊነት የተሰጣቸው ናኦሂሮ ሺንታኒ መስመሩን ቀነሱ፣ ጥላውን አለሰለሱ፣ አካሉን ወደ ተጣጣፊነት መለሱ። በዳይሬክተሩ ታትሱያ ናጋሚኔ መሪነት የሠሩት ሠዓሊዎች ፈጣኑን እንቅስቃሴ እያንዳንዳቸው በራሳቸው እጅ ጠባይ መሣል የቻሉት ንድፉ ቀላል ስለሆነ ነው። ለሠዓሊው ነጻነት የሰጠው ለዝርዝር የተሰጠው ቦታ መቀነሱ ነበር፤ ይህ ከማንጋው ጋር የፊልሙ እውነተኛ ዝምድና ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህ እጅ ግን በቂ አይከፈለውም። በጃፓን የአኒሜሽን ሥራ ዋና ዋናዎቹን የእንቅስቃሴ ሥዕሎች የሚሠሩ ልምድ ያላቸው ሠዓሊዎች አሉ፤ በእነዚህ መካከል ያሉትን አገናኝ ሥዕሎች የሚሞሉ ጀማሪዎች ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚከፈላቸው በሥዕል ቁጥር ነው፤ ለአንዱ ሥዕል የሚሰጠውም ጥቂት መቶ የን ነው። በ2024 የቀረበው የተባበሩት መንግሥታት የንግድና የሰብዓዊ መብቶች የሥራ ቡድን የጃፓን ሪፖርት የዘርፉን ዝቅተኛ ክፍያና ረጅም የሥራ ሰዓት በስም ጠቅሶታል። ሥርዓቱ የቆመው አሳታሚ፣ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ የአሻንጉሊት አምራችና ሌሎች ባለገንዘቦች ተዋጥተው በሚመሠርቱት የፕሮዳክሽን ኮሚቴ ላይ ነው። ኮሚቴው ኪሳራን ያከፋፍላል፤ ትርፉንም የሚካፈሉት ገንዘብ ያዋጡት ናቸው፤ ሥዕሉን የሠራው ስቱዲዮ መዋጮ ከሌለው የሥራ ዋጋውን ተቀብሎ ይሰናበታል። ቶኤይ ራሱ ትልቅ የመብት ባለቤት ስለሆነ በዚህ ረገድ ከብዙዎቹ ስቱዲዮዎች ይለያል፤ በፊሊፒንስም ከ1980ዎቹ ጀምሮ የራሱን ስቱዲዮ አቋቁሞ ከሥዕሉ ሥራ ከፊሉን እዚያ ያሠራል። «ብሮሊ» በዓለም ሲኒማ ቤቶች ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቷል። የዚህ ገንዘብ ምን ያህሉ ወደ ሥዕል ጠረጴዛው ይመለሳል የሚለው ጥያቄ፣ የፍልሚያ ፊልሞች ጥራት በሚቀጥሉት ዓመታት የሚወሰንበት ነው።

ተከታዩ ፊልም «ሱፐር ሂሮ» በሌላ መንገድ ሄደ። የቶኤይ የኮምፒውተር ሥርዓት በማርች 2022 በደረሰበት ሰርጎ ገብነት ምክንያት ከኤፕሪል ወደ ጁን ወር የተዛወረው ይህ ፊልም በዋነኛነት በባለ ሦስት አውታር የኮምፒውተር ምስል የተሠራ ነው። ድርሰቱ አሁንም የቶሪያማ ነው፤ ጎኩን ወደ ጎን አድርጎ ፒኮሎንና ጎሃንን፣ ማለትም መምህሩንና ተማሪውን፣ ወደ መሐል ያመጣል። በቀልዱና በቤተሰብ ትዕይንቶቹ ከ«ብሮሊ» ይበልጣል። ፍልሚያው ግን ግልጽና በሚገባ የተቀነባበረ ቢሆንም ክብደቱ ቀሎብኛል፤ ሁሉም አካል በእኩል ትክክለኛነት ስለሚንቀሳቀስ የሚመታው ሰው ሕመም ወደ ተመልካቹ አይሻገርም። በአሜሪካ በኦገስት 2022 በተከፈተበት የሳምንት መጨረሻ ከ20 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገብቶ አንደኛ መውጣቱ የተመልካቹን ታማኝነት ያሳያል።

በዚሁ ጊዜ ሌላ የአሠራር መንገድ ገበያውን ወስዶታል። «ዲመን ስሌየር» የተሰኘው የኮዮሃሩ ጎቶጌ ማንጋ በ2020 በ23 ጥራዞች የተጠናቀቀ ሲሆን፣ ዩፎቴብል ስቱዲዮ የማንጋውን ምዕራፎች ምንም ሳይጨምርና ሳይቀንስ ለማለት በሚቻል ታማኝነት ወደ ሲኒማ ያመጣል። በ2020 የወጣው የባቡሩ ታሪክ በጃፓን ብቻ ከ40 ቢሊዮን የን በላይ አስገብቶ ለሁለት አስርት ዓመታት ገደማ ያልተደፈረውን የአገሪቱን ክብረ ወሰን ሰበረ፤ በ2025 የወጣው «ኢንፊኒቲ ካስል» ደግሞ በዓለም ከ700 ሚሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ለባለገንዘብ ይህ መንገድ ምቹ ነው። ታሪኩ አልቋል፣ መጨረሻው ታውቋል፣ ደራሲው አዲስ ነገር እንዲጽፍ አይጠበቅም፤ የሚቀረው ግሩም አድርጎ መሣል ብቻ ነው። ዩፎቴብልም በእውነት ግሩም አድርጎ ይሥላል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ፊልም የማንጋውን ስሕተትም ይወርሳል። በገጽ ላይ በችኮላ የተሠራ ጠላት በሲኒማም ያው ይሆናል፤ በሞቱ ዋዜማ የሚነገረው ረጅም የልጅነት ታሪክም ፍልሚያውን በመሐል ያቆመዋል። ደራሲ ከ25 ዓመታት በኋላ ተመልሶ አንድን ገጸ ባሕርይ እንደገና የሚያስብበት ዕድል በዚህ መንገድ ውስጥ የለም።

ታዲያ ድራጎን ቦል ከእንግዲህ ምን ያድርግ? ማንጋው አልቋል፤ ደራሲው የለም። ከ2015 ጀምሮ የ«ድራጎን ቦል ሱፐር»ን ማንጋ የሚሥሉት ቶዮታሮ ሥራቸውን በቶሪያማ ያስገመግሙ ነበር፤ የ«ሱፐር ሂሮ»ን ታሪክ በማንጋ ጨርሰው በማርች 2024 ካቆሙ በኋላ በ2025 መጀመሪያ አንድ አጭር ክፍል ብቻ አወጡ። ቶሪያማ በታሪኩ የተሳተፉበት «ዳይማ» የተሰኘው የቴሌቪዥን ሥራም እርሳቸው ካረፉ በኋላ በኦክቶበር 2024 ጀምሮ በ20 ክፍል ተጠናቋል። ብዙ አድናቂዎች የሚጠብቁት ዋናው ታሪክ ከቆመበት እንዲቀጥል፣ አዲሶቹ ፊልሞችም እንደ «ብሮሊ» የማይሻሩ እንዲሆኑ ነው። ናፍቆቱ ይገባኛል፤ ሐሳቡን ግን አልደግፍም። የ«ብሮሊ» ሥልጣን የመጣው ከስቱዲዮው ውሳኔ ሳይሆን ከጻፈው ሰው ነው። ያ ሰው በሌለበት አንድን ፊልም ዋናው ታሪክ ብሎ ማወጅ፣ የ1990ውን ባርዳክ የሻረውን ዓይነት ውሳኔ በኮሚቴ ስብሰባ መወሰን ማለት ነው።

የተሻለው መንገድ ከ1986 እስከ 1996 የነበረው ይመስለኛል፦ የጎን ታሪክ መሆኑን የማይደብቅ ፊልም። ያኔ የጎደለው ነገር ነጻነት አልነበረም፤ ጊዜና ርዝመት ነበር። 45 ደቂቃ ለጠላት መምጫና መሸነፊያ እንጂ ለአባትና ለልጅ ታሪክ አይበቃም። ዛሬ ግን 100 ደቂቃ አለ፣ ዓለም አቀፍ ተመልካች አለ፣ እንደ ሺንታኒ ያሉ ሠዓሊዎች አሉ። አንድ ዳይሬክተር የማንጋውን ታሪክ እንዳይነካ ሳይሆን፣ የሚሠራው ታሪክ የእርሱ መሆኑን በግልጽ እንዲናገር ብቻ ቢጠየቅ፣ አንዱ ስለ ፒኮሎ ብቸኝነት፣ ሌላው ፍሪዛ ስለሚገዛቸው ፕላኔቶች ተራ ሠራተኞች ሊሠራ ይችላል። ቺላይ ከዚያ ሠራዊት የወጣች መሆኗን አንርሳ። አንዳንዶቹ ይወድቃሉ፤ የ1994ቱም የብሮሊ ተከታዮች ወድቀዋል። ነገር ግን የ1993ቱ ብሮሊ ባይኖር ቶሪያማ ከ25 ዓመታት በኋላ የሚያነሡት ነገር አያገኙም ነበር።

ለዚህ መነሻ የሚሆን ነገር ደራሲው ራሳቸው ትተዋል። በ«ሱፐር ሂሮ» ውስጥ ብሮሊ ከጎኩና ከቬጂታ ጋር የጥፋት አምላክ በሆነው በቢሩስ ፕላኔት ቁጣውን መቆጣጠር ሲለማመድ ይታያል፤ የተጻፈለት የመጨረሻ ሁኔታ ይህ ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን የሚጽፈው ሰው ቶዮታሮም ይሁኑ ሌላ፣ ሹዌይሻና ቶኤይ የጸሐፊውን ስም ከቶሪያማ ስም ሳያስጠጉና ሳያደበዝዙ በፖስተሩ ላይ ለብቻው ሊያወጡት ይገባል፤ ተመልካቹ የሚያየው የማን ሐሳብ እንደሆነ ትኬቱን ሲቆርጥ የማወቅ መብት አለው።